የማይማገድ እንጨት

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን ቢቸና ውስጥ ያልፈረደብኝ ሰው አልነበረም። አረቄ ነው አሉ። እኔ አረቄ ከተውኩ ዘመን ሆኖኛል፤ ግን የሚንቀጠቀጥ እጅ ዘርግቶ «አልጠጣም» ማለት ራሱ የሰካራም ወግ ስለሚመስል ዝም አልኩ። ቡዳ ነው ያሉም ነበሩ። ሐኪሙ ነርቭ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ፤ ኪኒኑ እንቅልፍ ከማምጣት በቀር ያደረገልኝ ነገር የለም። ጠበልም ገባሁ። ልቤን ትንሽ አሳረፈልኝ፤ እጄን ግን እንደነበረ ተወው።

ሥራዬ እንጨት ነው። አትሮንስም፣ የሥዕል ክፈፍም እሠራለሁ፤ የታወቅሁት ግን በእጅ መስቀል ነው። ወይራውን ልጌ፣ በትራፓኖ በስቼ፣ ቀጭኑን የእጅ መጋዝ በቀዳዳው አሳልፌ ሐረጉን አወጣለሁ። ሐረግ የምንለው እንደ ጥልፍ እርስ በርሱ እየተላለፈ የሚሄደውን የመስቀሉን ጌጥ ነው። መጋዙ ለጥቂት እንኳ ከመስመሩ ከወጣ ሐረጉ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ሐረግ ደግሞ አይቀጠልም። ቀኝ እጄ መጀመሪያ የከዳኝ እዚያ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ለሁሉም «መስቀል ሠሪው» ነኝ። መስቀል መሥራት ያቃተው መስቀል ሠሪ ምን ተብሎ ይጠራል? ከሞት ይልቅ ይህንን ፈራሁ፤ አላጋነንኩም።

ስለ ማሽኑ የነገረኝ ጨርቅ የሚያመላልስ የሞጣ ነጋዴ ነው። ያዘዘውን ክፈፍ ሊወስድ መጥቶ እጄን ሲያይ፣ «እኛ ሰፈር ያሉ አንድ ሐጂ እኮ እንጨቱን የሚቆርጡት በማሽን ነው» አለኝ። ሐጂው ለግድግዳ የሚሰቀል ጌጥና የቁርአን ማስቀመጫ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ማሽኑን ሊሸጡት ነው። ነጋዴው ሲያስረዳኝ፣ ቀጭን የመጋዝ ምላጭ ከላይም ከታችም ተወጥሮ ይታሰራል፣ ሞተሩ ወደላይ ወደታች ያመላልሰዋል፣ ሰውየው እንደ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ እንጨቱን እየገፋ ይቆርጣል። «ማሽኑ ነው የሚለፋው፤ አንተ መቀመጥ ብቻ ነው» አለኝ። ይህችን አንዲት ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት ከእኔ ይልቅ እሷ ደስ አላት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!» አለችኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን ብረት አገባሁ።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ሲከፈት ይከፈታል፣ ሲዘጋ ይዘጋል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። መናኸሪያ እየሄድኩ ስንቴ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ተሳካና ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይንን እንዳለፍን ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። ሁሉም እጁን ወደላይ አድርጎ ተሰለፈ። የእኔ ቀኝ እጅ እንደ ቄጠማ ይርገፈገፋል። ፍተሻ ላይ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነገር ያለበት ሰው እጅ ይመስላል። ፈታሹ ወጣት ቆሞ አየኝ። «ምን ያስፈራሃል አባቴ?» አለኝ። «ሕመም ነው ልጄ» አልኩት። ከሌላው ሰው ሁሉ አብልጦ ፈተሸኝ። ሰው ፊት ኪሴ ሲገለበጥ ሕመሜን ረገምኩ፤ ሞጣ እስክንደርስም የሚያዋራኝ ሰው አጠገቤ አልተቀመጠም።

ሐጂው ቤት የደረስኩት ከቀትሩ የዙሁር ሰላት ሲመለሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው መጀመሪያ ያሉት ነገር «በላህ?» ነው። ሻይና ዳቦ ቀርቦልኝ እስክጨርስ ድረስ ስለ ማሽኑ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ በችኮላ አፌን አቃጠልኩ።

ማሽኑ ጓዳ ውስጥ ንጹሕ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። ሲገልጡት አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጦ፣ ጠረጴዛው ግን እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሐጂው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ምላጩን በጣታቸው ቃኙት፤ ከጥግ አንድ የዋንዛ ቁራጭ አነሱ። አስነሱት። ጓዳው በጉምጉምታ ተሞላ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ስለ ቢቸና ገበያ እየጠየቁኝ እንጨቱን ያሽከረክሩት ጀመር። እንጨቱን አያዩትም፤ ቢያዩትም ዓይናቸው አይለየውም። ሲያጠፉት መዳፋቸው ላይ ኮከብ ነበር። ጠርዙን ዳሰስኩት። ብርጭቆ ወረቀት አያስፈልገውም፤ ልስልስ ብሏል።

እኔ ያን ጊዜ ምን አልኩ? ዓይን የሌለው ሰው ይህን ከሠራ፣ እኔ ዓይኔ ደህና የሆነው ሰውዬ ምን ይሳነኛል አልኩ። ከዚያ ጓዳ የወሰድኩት ትምህርት ይህ ነበር። ሰው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው፤ እኔም እጃቸውን ትቼ ዓይናቸውን አየሁ።

ሐጂው ግን የእኔን እጅ አይተው ኖሯል፤ ወይም ሻይ ስጠጣ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲንኳኳ ሰምተዋል። ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ቆዩ።

«ምን ነካው?»

«ነርቭ ነው አሉኝ፣ ሐጂ።»

«ይህን ማሽን ለሌላ ሰው ብሰጠው አይሻልህም?» አሉኝ።

ነጋዴ ዕቃውን ሲያስወድድ ነው ብዬ አሰብኩ። ደሜ ፈላ። «መሸጥ ካልፈለጉ ይንገሩኝና መንገዴን ልሂድ» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ መሸጡንስ እፈልጋለሁ። አንተ እንዳታዝንብኝ ነው።»

«ከዚህ በላይ ምን አዝናለሁ?»

እጄን ለቀቁት። «እንግዲያው ቢስሚላህ በል... ኧረ አንተስ በስመ አብ ነው የምትል። በልና ውሰደው» አሉ። ሳቅን። ተስማማን። ነጠላውን አላስፈቱኝም፤ እንደለበሰ ይሂድ ብለው በነጠላው ጠቅልለው በገመድ አሰሩልኝ። የቀሩ ምላጮችንም በጋዜጣ አድርገው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንዲሉ፣ አውቶቡሱ ከሞጣ እስኪወጣ ድረስ ማሽኑ የእኔ መሆኑን አላመንኩም። ረዳቱ ጣራ ላይ ይጫን ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። እግሮቼ መሐል አድርጌው፣ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ታቅፌው ተጓዝኩ። ክብደቱ እጄን ሲጫነው መንቀጥቀጡ ቀነስ አለ። ይሄው ከአሁኑ ማዳን ጀመረ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ቂል ነበርኩ።

መትከሉ ራሱን የቻለ መከራ ሆነ። የድሮው ባንኮዬ ላይ አስቀምጬ ሳስነሳው ባንኮው ከእኔ ብሶ ተንቀጠቀጠ። ቤት ውስጥ አንድ የሚንቀጠቀጥ ይበቃል ብዬ ባለቤቴን ለማሳቅ ሞከርኩ፤ አልሳቀችም። ባንኮውን ከወለሉ ጋር በቡሎን አሰርኩት። ከማሽኑ ሥር ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩትን ላስቲክ አነጠፍኩ። የማሽኑን ጠረጴዛ በማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ለካሁ፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበርና አቃናሁት። ቡሎን ለማጥበቅ ቺያቬውን በግራ እጄ ይዤ ቀኙን በጉልበቴ አፍኜ ነው። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ጤነኛ ሰው በአንድ ቁጭታ የሚጨርሰውን ነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ምላጭ አሰርኩ። እንጨት ሳስጠጋለት ከእጄ ነጥቆ ወደላይ አነሳው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አፈረጠው፣ ምላጩም ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሐጂው ሸውደውኛል ብዬ ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ እንቢ እያለ ሲያስለፋኝ ቁጣዬ ጨመረ። ሲያነሱልኝ ሰላምታ እንኳ ሳላስጨርስ ወረድኩባቸው። ታግሠው ሰሙኝና «ጥርሱ ወዴት ነው የሚያየው?» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ወደ ጣራ ነው። «ወደ መሬት ይይ» አሉኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ደስ ያለኝ ግን ይበልጥ ነበር፤ ጥፋቱ የምላጭ አቀማመጥ ከሆነ፣ ጥፋት ሁሉ የሚቃና መሰለኝ።

የቀረው መብራት ነበር። በእኛ ሰፈር መብራት ጻድቅ ነው፤ በዓል ያከብራል። የሥራ ቀን ይጠፋና ለሚካኤል፣ ለማርያም፣ ለባለወልድ ቦግ ብሎ ይውላል። የእጅ መጋዝ ቢሆን በር ዘግተህ ቀስ ብለህ ትሠራበታለህ፤ ይህ ግን ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ መስቀል ሠሪ በማርያም ቀን መስቀል ሲቆርጥ ተሰማ ከሚባል ሞት ይሻላል። እናም በበራ ቀን ማሽኑ ፊት ተቀምጬ፣ ነጠላውን ገልጬ፣ አይቼው መልሼ እሸፍነው ነበር።

የሥራ ቀንና መብራት የተገናኙ ዕለት ጠዋት፣ ባለቤቴ ቆማ እያየችኝ፣ የመስቀሉን ንድፍ በወረቀት ስዬ በዱቄት ሙጫ ወይራው ላይ ለጠፍኩ። ሌላ ቅርጽ ልሞክር ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ኮከብም፣ ወፍም፣ ዝም ያለ ክብም ቆርጦ እጁን ይፈትናል፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጋዝ ስይዝ መስቀል ነው የቆረጥኩት፤ እጄ ሌላ ነገር አያውቅም። ለሙከራ መስቀል ቆረጥኩ። የማይሆን ሥራ መሥራቴን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ማሽኑ ያለ አንዳች ችግር ቆረጠ። ሲያልቅ ግን ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስል ነበር። ምላጩ ላልቷል አልኩና አጠበቅሁት። ሌላ መስቀል ቆረጥኩ። ያው ነው። ጠረጴዛው ነው አልኩ፤ እንደገና ለካሁት። ወይራው እርጥብ ነው አልኩና ደረቅ አመጣሁ። መብራቱ ኃይሉ ደክሟል አልኩ። በየሥራ ቀኑ፣ መብራት በኖረ ቁጥር፣ አዲስ ምክንያትና አዲስ የተበላሸ መስቀል እሠራለሁ። ልቤ አውቆታል፤ አፌ ግን ማሽኑን ይከሳል። «ሽማግሌው የሞተ ማሽን ነው የሸጡልኝ» እያልኩ በሰው ፊት የሐጂውን ስም አነሳሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ለእራቱ ምድጃ ፍልጥ ልትወስድ መጣች። ድሮም የእኔ ቁርጥራጭ የእሷ ማገዶ ነው። ማሽኑ እንደተነሳ ነበር፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። «እስቲ ልየው፣ ምን ይላል?» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከወለሉ ላይ አንድ ቁራጭ አንስታ፣ ከንድፉ የተረፈውን የጎበጠ መስመር ተከትላ ቀስ እያለች ገፋችው። በሕይወቷ መጋዝ ነክታ አታውቅም። መስመሩ አለቀ። ቁራጩን አንስታ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰችው፤ ፊቷ በራ። «ማሽኑ እኮ ደህና ነው!» አለችኝ፤ የምሥራች የምትነግረኝ መስሏት ነው።

ከዚያ ያለችው ነገር ገባት። ቁራጩን ቀስ ብላ ባንኮው ላይ አኖረችው። ማሽኑን ማጥፊያውን ስለማታውቅ እየጮኸ ቆየ፤ እኔም ሄጄ አላጠፋሁትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማሽኑ የሚቆርጠው የሰጡትን ነው። ሐጂው የረጋ እጅ ሰጡት፤ ልስልስ ያለ ኮከብ ሰጣቸው። እኔ የሰጠሁት መንቀጥቀጤን ነበር፤ አንዱንም ሳያጎድል እንጨት ላይ አወጣልኝ። ለስንት ዓመት ያካበትኩትን ሙያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀበርኩት። አላለቀስኩም፤ ባለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከሰነበትን በኋላ «አንቺ ቁረጪው፤ እኔ እነድፍልሻለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር። «የአንተን ሥራ ከእጅህ አልቀማም» ብላ እንቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን አልነካችውም። ለማጽዳት እንኳ ስትገባ በዚያ በኩል አትጠርግም።

የተበላሹት መስቀሎች ግን ቤቱ ውስጥ ቀሩ። ሌላ ቅርጽ ቢሆኑ ኖሮ በዚያው ሰሞን ምድጃ ገብተው አመድ ይሆኑ ነበር። ባለቤቴ አንዱን አንስታ አየችውና «መስቀል እንዴት ይማገዳል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠማማም ቢሆን፣ ሐረጉ ቢበጠስም፣ አንዴ መስቀል ከሆነ እንጨት መሆኑ ቀርቷል። አይማገድም፣ አይጣልም፣ አይረገጥም። ሌላ ሙያተኛ ያበላሸውን አቃጥሎ ይገላገላል፤ እኔ ያበላሸሁትን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ጥግ አስቀመጥኩት። ወደ ሥራ ክፍሌ በገባሁ ቁጥር የሚቀበለኝ እሱ ነበር።

የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ የመጡ ዕለት ጠበሉን እየረጩ እዚያ ጥግ ደረሱ። ከረጢቱን ከፍተው ሲያዩ ደነገጡ። «መስቀል በማዳበሪያ?» አሉኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አይዞህ ልጄ፤ መስቀል ክብሩ በቅርጹ አይደለም። እነዚህን ለገጠር አጥቢያ ካህናት አድልልሃለሁ፤ ብዙዎቹ መስቀል የላቸውም። የድካምህ ዋጋ ይሆንልሃል» አሉኝ። ከረጢቱን በቅሎ ላይ አስጭነው ወሰዱ። አንዱን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። ቀድሞ የያዙት በደህናዬ ዘመን የሠራሁላቸው ነበር፤ እሱን ለአንድ አዲስ ቄስ ሰጥተው የእኔን ጠማማ ያዙ። ሊያከብሩኝ ነው፤ ይገባኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ተሰልፌ ቀረብኩ። ፈገግ ብለው መስቀሉን ዘረጉልኝ። ግንባሬን አስነክተው ወደ ከንፈሬ አወረዱት። እጄ የዘለለበትን ቦታ ከንፈሬ አገኘው። ዓይን ይስታል፤ ከንፈር አይስትም። በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ያን ቀን ማንን ስከስ እንደነበር ትዝ አለኝ። «ይፍቱኝ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ተሳልሞ አለፈ፤ ምንም የታየበት ነገር የለም። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ሄድኩ።

ይህን መሸከም አቃተኝና ሰበብ ፈጥሬ ወደ ሌላ አጥቢያ መሄድ ጀመርኩ። እግሬ እያመመኝ፣ ሩቅ ነው እያለችኝ ባለቤቴ፣ ዳገቱን ወጥቼ እዚያ አስቀድሳለሁ። አንድ ሁለት እሑድ ሰላም አገኘሁ። በሦስተኛው ላይ ሌላ ቄስ ቀድሶ ወጣ፤ ልጅ እግር ነው፤ ከገጠር በቅርቡ የመጣ። ተራዬ ደርሶ ቀና ስል መስቀሉን ከእጀ ጠባቡ ውስጥ አወጣ። የእኔ ነው። ቀኝ ክንፉ ላይ ሐረጉ የተበጠሰው፣ ወይራው እርጥብ ነው ብዬ የተቆጣሁበት።

ወደኋላ እንዳልመለስ ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እጄን በግራዬ ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ተሳለምኩ። ልጁ ቄስ አላወቀኝም። ጎንበስ ብዬ ስለቆየሁ ደግሜ ልሳለም የፈለግሁ መስዬው ነው መሰለኝ፣ መስቀሉን መልሶ ደግሞ ከንፈሬ ላይ አኖረልኝ።